ከአውጫጭኝ እስከ ልደታ ችሎት

በአገራችን ስለ ወንጀል ምርመራ ታሪክ ሲነገር ወንጀለኛው እንዴት እንደ ተያዘ ይተረካል፤ የያዘው ሰው ራሱ ለማን ይጠየቅ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ሁለተኛው ነው።

ቀድሞ ወንጀል አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሕዝብ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪጠቆምም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሌባ ሻይም ነበረ። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ባለቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ከሰከረ ልጅ ጋር ምን ተብሎ ይሟገታል?

በዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የአራዳ ዘበኛ ተተከለ። ከጠላት ወረራ በኋላም አዋጅ ቁጥር 6/1934 ለፖሊስ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። ዳሩ ግን የተያዘው ሰው መብት በዝርዝር የተጻፈው በ1954 ዓ. ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 29 ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 31 በማስፈራራት፣ በተስፋ ቃል ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ መንገድ ቃል መቀበልን ይከለክላል።

ሕጉ መልካም ነው፤ ክፍተቱ ግን እዚያው አጠገብ ይገኛል። አንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አልወሰነም። ሁለት ቀጠሮ 28 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዱላ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሰውነት ይጠፋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚወስደውም ያው የተከሰሰው ፖሊስ ነው። በ2001 ዓ. ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ ቀጠሮውን ከ28 ቀን እንዳያንስ አድርጎ በጠቅላላው እስከ 4 ወር ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም ብሎ ሳለ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በልደታ ታየ። በዚህ ሰፈር የሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ፣ በአራዳ በሚገኘው በማዕከላዊ የተመረመሩ ብዙ ሰዎችን ጉዳይ ሰምቷል። በሚያዝያ 2006 ዓ. ም. የተያዙት 6 የድረ ገጽ ጸሐፊዎችና 3 ጋዜጠኞች ከእነዚህ ናቸው። ከመካከላቸው በምርመራ ላይ ተደብድበናል ብለው አቤት ያሉ ነበሩ። በሐምሌ 2007 ዓ. ም. የአምስቱ ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 ዓ. ም. ችሎቱ የቀሩትን ከሽብር ክስ ነጻ አለ። እነርሱ ነጻ ወጡ፤ የድብደባው አቤቱታ ግን ያን ጊዜ መርማሪዎቹን ለፍርድ አላቀረበም።

ቅጣት የሚደነግግ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ተያዥን የሚያሠቃይ መርማሪን፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ይህን ያዘዘ ባለሥልጣን ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። በእኔ አስተያየት የጎደለው፣ ከፖሊስ ውጭ ሆኖ አቤቱታውን ወዲያው የሚመረምር እጅ ነው። ተራው ፖሊስ ከአለቃው ትእዛዝና ከሕጉ መካከል ቢቆም የትኛውን እንደሚፈራ ለመገመት አያዳግትም።

ማዕከላዊ በ2010 ዓ. ም. ተዘጋ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ. ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በአዲስ አበባ 7 ስውር ማሰሪያ ቤቶች መገኘታቸውንና በእስረኞች ላይ ግፍ ተፈጽሞ እንደ ነበር ለሕዝብ ገለጹ። ምርመራው 5 ወር ያህል ወስዷል። ከዚያም በኋላ የቀድሞ የደኅንነት ሹማምንትና መርማሪዎች በተራቸው ተከሳሽ ሆነው ችሎት ቀረቡ። ይህ የሆነው መንግሥቱ አመራሩን ከለወጠ በኋላ ነው፤ በአንድ ተራ ጣቢያ ትናንት ማታ የተመታ ሰው ግን ይህን ያህል መጠበቅ አይችልም፤ ጉዳዩን የሚያስረዳው የፊቱ እብጠት እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አይቆይለትም።