የዘውድ ቅቡልነት፦ ከመቅደላ እስከ ሰገሌ

የዘውድ ቅቡልነት የሚባለው ዙፋን የያዘ ወይም የሚፈልግ ሰው በመኳንንቱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ዘንድ «ይገባዋል» መባሉ ነው። ንጉሥ በሰላም ሞቶ ልጁ ሲተካ ጉዳዩን የሚያነሣው አይኖርም። ጥያቄው የሚፈላው መንግሥት ሲፈርስና ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ንጉሠ ነገሥት እኔ ነኝ» ሲሉ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደርሷል፦ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ልጅ ኢያሱም በ1909 ሲሻሩ። (በዚህ ጽሑፍ የአገር ቤቱ ታሪክ በዓመተ ምሕረት፣ የቻይናው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀምጧል።)

ተፎካካሪዎቹ የሚቆጥሩት ነገር ብዙ ነበር፤ የሰሎሞን ዘር፣ የአባት ግዛት፣ የጦር ብዛት፣ የመኳንንት መሐላ። ከሁሉም ይልቅ ሊገኝ የሚቸግረው ግን ቅባቱ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ንጉሠ ነገሥትን የሚቀባው አቡኑ ነበር፤ አቡኑ ደግሞ ግብጻዊ ነበር፣ የሚሾመውም ከእስክንድርያ መንበር ነበር። አንዱ አቡን ሲሞት ሌላ ለማስመጣት መልእክተኛና ገንዘብ መላክ፣ የቀይ ባሕርን በር ማስከፈት፣ ከዚያም መጠበቅ ግድ ነበር። ጦር ያለው ሰው በየአውራጃው ሞልቶ ሳለ፣ አቡን ያለው ግን አንድ ብቻ ይሆን ነበር።

ይህን የቋራው ካሳ ኃይሉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ ሲቀመጡ፣ ካሳ ከሽፍትነት ተነሥተው መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸነፉ። የመጨረሻው ባላጋራቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር። አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡትም እርሳቸው ነበሩ። ካሳ በየካቲት 1847 ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉና ከጥቂት ቀን በኋላ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጡት አቡን እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስሙም በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። የዘር ሐረጋቸው ያጠያይቅ ስለነበረ ቅባቱና ትንቢቱ ክፍተቱን ሸፈኑላቸው። ከዓመታት በኋላ ግን ከአቡኑ ጋር ተጣልተው መቅደላ ላይ አሰሯቸው። አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 እዚያው እስር ላይ ሞቱ፤ ንጉሡም በስድስት ወር ተከተሏቸው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860።

አገሪቱ ንጉሥም አቡንም አልነበራትም። ሦስት ሰዎች ግን ተዘጋጅተው ቆይተው ነበር።

ቀድመው ዘውድ የጫኑት የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን ነበሩ። አባታቸውን ቴዎድሮስ ስለገደሉባቸው የሸፈቱ፣ ከዛግዌ ነገሥታት የሚወርድ የዋግሹምነት ማዕርግ የያዙ፣ መሐል አገሩን በእጃቸው ያደረጉ ሰው ናቸው። በነሐሴ 1860 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የቀባቸው አቡን ግን አልነበረም። ይህ ለዘመናዊ አንባቢ ትንሽ ጉድለት ሊመስል ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ካህናቱም ባላባቱም የሚያወሩት ይህንኑ ነበር፤ ንጉሡም በነገሡባቸው ሦስት ዓመታት ሊያስረሱት አልቻሉም።

ሁለተኛው የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ናቸው፤ ከራስ ሚካኤል ስሑልና ከደጃዝማች ሱባጋድስ ቤት የሚወለዱ። እኅታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ስለነበሩ ነገሩ የአማቾች ጠብ ነበር። ካሳ ወደ ዘውድ ሲሄዱ አልቸኮሉም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ መንገድ ሰጡት፣ ስንቅም እንዲያገኝ ረዱት፤ ሲመለስ ደግሞ መድፍና ብዙ መቶ ጠመንጃ አስረከባቸው። ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን በዘመናዊ ሥልት ለማሠልጠን አብሯቸው ቀረ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በዚህ መሣሪያ ላይ ነው። ነገር ግን ካሳ ያን ጊዜ ከሠሩት ሁሉ የበለጠው ወደ እስክንድርያ ገንዘብና መልእክተኛ ልከው በ1861 አቡነ አትናቴዎስን ማስመጣታቸው ነው። የምጽዋ መንገድ በእጃቸው ስለነበረ አማቻቸው ሊቀድሟቸው አልቻሉም። ገና ዘውድ ሳይጭኑ ቀቢው አድዋ ተቀምጦ ነበር።

ተክለ ጊዮርጊስ ጊዜው እየከዳቸው መሆኑን አይተው ተከዜን ተሻገሩ። ሐምሌ 5 ቀን 1863 አድዋ አጠገብ አሰም ላይ ገጠሙ። በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት 60,000፣ የካሳ 12,000 ያህል ነበር። ብዛቱ አልጠቀመም፤ ንጉሡ ተማረኩ፣ በእስርም ሞቱ። ካሳ ጥር 13 ቀን 1864 አክሱም ጽዮን ላይ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። ቦታው ጥንታዊው የነገሥታት ከተማ፣ ቀቢው ሕጋዊው አቡን፣ ጦሩም ድል ያደረገ ስለነበረ የቀድሞው ንጉሥ የጎደለባቸው አንድም ነገር አልጎደለባቸውም።

ሦስተኛው የሸዋው ምኒልክ ናቸው። በዘር ቢቆጠር ከሁሉም የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ፤ የሸዋ ቤት በወንድ ሐረግ ከዐፄ ልብነ ድንግል እወርዳለሁ ይል ነበርና። በልጅነታቸው ወደ መቅደላ ተወስደው ያደጉት ምኒልክ በሰኔ 1857 ከዚያ አምልጠው በወሎዋ ባላባት በወርቂቱ በኩል ሸዋ ገቡ። ወርቂቱ ለዚህ ውለታ የከፈሉት በመቅደላ በመያዣ የነበረ ልጃቸውን ሕይወት ነው፤ ቴዎድሮስ በንዴት አስገደሉባቸው። ምኒልክ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። የሚያጸናላቸው አቡን ስላልነበረ ግን ማዕርጉ ከሸዋ ውጭ ክብደት አላገኘም፤ በመጋቢት 1870 ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው ተዉት፣ የሸዋ ንጉሥ ተብለውም ጸኑ። ይህ ሽንፈት አልነበረም ማለት ይከብዳል፤ ሆኖም ያለ ትልቅ ደም መፋሰስ የተገኘ ስምምነት ነበር።

የቻይና ታሪክ ለዚህ ጥሩ መነጻጸሪያ ይሆናል። በዚያ አገር የነገሥታት መብት «የሰማይ አደራ» ይባል ነበር፤ ሰማይ አደራውን ከበደለ ቤት ነሥቶ ለሌላ ይሰጣል ይባላል። የቺን ሥርወ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ206 ሲፈርስ ጦረኛው ሺያንግ ዩ ከሁሉ ጠንካራው ነበር። ነገር ግን ራሱ በንጉሥነት ይዞት የነበረውን የቹ መስፍን ማስገደሉ ተዛመተ። ከገበሬ ቤት የተወለደው ተቀናቃኙ ሊዩ ባንግ ለሟቹ ሐዘን አውጆ «ጌታውን የገደለ» እያለ በሺያንግ ዩ ላይ ጦር አስነሣ፤ በ202ም የሃን ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ። እዚያ የሚቀባ ጳጳስ ስላልነበረ ፍርዱ የሚታወቀው በድል ብቻ ነበር፤ ያሸነፈ ሁሉ ሰማይ የመረጠው ነው። በኢትዮጵያ ግን አሸናፊው ከድሉ በኋላም ወደ አንድ ሰው እጅ መሄድ ነበረበት።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ስላወቁ አቡነ አትናቴዎስ ከሞቱ በኋላ አንድ ሳይሆን አራት ጳጳሳት ከግብጽ አስመጡ። ከአራቱ አንዱ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ፣ ወደ ምኒልክ ተላኩ። ዮሐንስ መጋቢት 1881 መጀመሪያ ላይ መተማ ቆስለው ሲሞቱ ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው ወራሽ አደረጉ፤ ምኒልክ ግን የራሳቸው አቡን ነበራቸው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ማቴዎስ ቀቧቸው። መንገሻ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1886 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ገቡ። የዮሐንስን ልጅ ዘውድ ያሳጣው ዮሐንስ ራሳቸው ያስመጡት ጳጳስ ነበር።

ያው አቡነ ማቴዎስ ከ27 ዓመት በኋላ እንደገና ፍርዱን ሰጡ። ምኒልክ በግንቦት 1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ መኳንንቱን አስምለው፣ ወራሹን የከዳውን ሁሉ ረግመው ነበር። ኢያሱ ምኒልክ በ1906 ከሞቱ በኋላም ዘውድ አልጫኑም፤ ቅባት የሌለው ንጉሥ ሆነው ቆዩ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው «ሰልሟል» ብለው ከሰሷቸው። የስብሰባው ከባድ ነገር ክሱ ሳይሆን መሐላው ነበር፤ አቡኑም በቀላሉ እሺ አላሉም ይባላል። መሐላውን ሲፈቱ ግን ሁሉም ተፈታ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። 

ኢያሱ ያን ጊዜ ሐረር ነበሩ። ጦራቸውን ወደ አዲስ አበባ ቢያዘምቱ ሚኤሶ ላይ ተመለሰ። የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ በመተሐራ፣ በወለንጪቲና በአዳማ ያልፍ የነበረው ባቡር ያን ጊዜ አዲስ አበባ ደጃፍ ደርሶ ስለነበረ የሸዋ መንግሥት ሠራዊቱን ወደ ምሥራቅ በፍጥነት ሊያንቀሳቅስ ይችል ነበር። ከሰሜን በኩል አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ወሎን ይዘው ወረዱ፤ ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን ጦር መሪ ራስ ልዑል ሰገድን ገደሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተማረኩ።

ይህ ሁሉ ክርክር ከአርሲዋ አቦምሳ አካባቢ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። አርሲ በራስ ዳርጌ ዘመቻ በ1874 እና በ1878 መካከል በብርቱ ከተዋጋ በኋላ ወደ ምኒልክ መንግሥት የገባ አገር ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሥልጣንን የሚያውቀው በገዳ ነበር፤ አባ ገዳው ስምንት ዓመት ገዝቶ ለተከታዩ ያስረክባል። ዘርም ቅባትም አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የገዳው ተራና የጉባኤው ፈቃድ ነው። ለዚህ ሕዝብ አክሱምም እንጦጦም የሩቅ ሥርዓት ነበሩ፤ ዙፋኑ በእርሱ ዘንድ የታወቀው በጠመንጃና በግብር ነው። የኢያሱን ነገር ሚዛናዊ ሆኖ ለመፍረድ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። በጋብቻና በወዳጅነት ሙስሊሞቹን ባላባቶች ወደ ዙፋኑ ማቅረባቸው አዲስ የቅቡልነት መሠረት ፍለጋ ነበር፤ የሸዋ ቤተ መንግሥት ግን ይህን የሚመዝንበት መለኪያ አልነበረውም፣ ክሕደት ብሎ ጠራው።

አልጋ ወራሹ ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ በሐምሌ 1923 ባወጡት ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሚወርደው ከራሳቸው ዘር እንዳይወጣ በአንቀጽ ደነገጉ፤ ለዘመናት በሐረግና በቅባት ሲዳኝ የኖረው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕገ መንግሥት ሰፈረ። ደርግ በመስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ መጀመሪያ አልጋ ወራሹን አስፋ ወሰንን በንጉሥነት ሰይሞ ነበር፤ መጋቢት 12 ቀን 1967 ግን ንጉሣዊውን ሥርዓት በአዋጅ ሻረው።