ከሸክላ እስከ በይነ መረብ፦ የዜማ ባለቤትነት በኢትዮጵያ



በዩቲዩብ የተለቀቀ ዜማ ባለቤት የለውም የሚለው አስተሳሰብ አዲስ አይደለም፤ መነሻው ከበይነ መረብ ይቀድማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የዜማን ድርሰት ቢጠብቅም፣ ለተጫወተውና ለቀረጸው ሰው የተለየ መብት አላቆመም። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ የሸክላ ፈቃድ ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም ሲጀምር ሕጉ ይኸው ነበር። ካሴት ሲመጣ ክፍተቱ ገበያ ሆነ፤ መቅጃ ያለው ሁሉ አባዢ ነበር። ከዋኙና ፕሮዲውሰሩ የየራሳቸውን መብት ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

አዋጁ ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ ያለ ምዝገባ ይጠብቀዋል። ለሕዝብ መለቀቁም መብቱን አያስቀርም። ስለዚህ ችግሩ፣ በእኔ እይታ፣ ከድንጋጌው ይልቅ ከማስረጃው ላይ ነው። በመረመርኳቸው ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም ጎልቶ ይነበባል፤ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፉም (አቀናባሪውንማ ማን አስታውሶት!)። ውሉም በአብዛኛው የቃል ነበር። የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ደግሞ ድምፅን ከድምፅ ያመሳክራል እንጂ ውል አያነብም፤ የአባቱን ዜማ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ የሚያገኝ ወራሽ በእጁ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ፣ የእነዚያ ሸክላዎች ክርክር ገና ብዙ ዘመን አለው። ዛሬ ዜማ የምትደርሱ ተማሪዎቼ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ድርሻ በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ የመጀመሪያውን ቅጂም ከነቀኑ አስቀምጡ።