ስንዱ ገብሩን በአንድ መስመር ላለፍኳቸው

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የንጉሡን ዘመን ፓርላማ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ስንዱ ገብሩ፣ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ብዬ ጽፌ ወደ ቀጣዩ ልሻገር ስል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከዚያ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?» ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አመለጥኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ሆኜ የማውቃት ያችኑ አንድ መስመር ነበር። ለፈተና ትበቃለቻ! የድሮ ተማሪዎቼ፣ የእናንተም ዕዳ አለብኝና ይኸው።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከሚሲዮኖች ዘንድ የተማሩ፣ ጀርመንኛ የሚያውቁ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞችም አንዱ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጁን ባሕር ማዶ ልኮ ቢያስተምር አይገርምም። ስንዱ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ።

እዚህ ጋ ነው የእኔ አንድ መስመር የበደለቻቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ነቀምት ላይ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ማኅበር አቋቋሙ። ስንዱም ከእነሱ ጋር ሆኑ፤ ሥራቸው ቁስለኛ መርዳት ነበር። ማኅበሩ ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበበና እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ቆይቶ የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ በኋላ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደልና ሲጋዝ ወይዘሮ ስንዱም ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ዕድሜያቸው ገና 21 ነበር። ብዙዎቻችሁ አሁን በዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ።

ከነፃነት በኋላ ወደ ማስተማሩ ገቡ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኑ፣ ቴአትር ጻፉ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። ያ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ምን ተባለ? የካቲት 12! በዚያ ቀን መዘዝ ደሴት ላይ የታሰሩ ሰው ያስተዳደሩት ቤት መሆኑን ስሙን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፓርላማው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ለወንድም ለሴትም የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተመረጡ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያስተማረቻቸው ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ የሰጠችው መቼ ይመስላችኋል? በ1963 ዓ.ም.! ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ሲበርድ ሌላውንም ነገርኳቸው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ለመወዳደር በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖርህ ይገባል። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ሕጉም ያለ እሳቸው ፈቃድ አይጸድቅም። ለአገር ነፃነት የታሰሩ ሰው በስንት ዓመታቸው ያገኙት ወንበር እጁ በታሰረ ምክር ቤት ውስጥ ነበር ማለት ነው። መምህር ስለሆንኩ አድልቼ ይሆናል እንጂ፣ ለእኔ ትልቁ ሥራቸው መነን የሠሩት ነው። የሚቀጥለውን ትውልድ ሴት መምህርና ሠራተኛ ያፈራው እንዲህ ያለ ክፍል ነው፤ ለዚያ የማንም ማኅተም አላስፈለገም።

በኋላ ምዕራብ ጀርመን በሚገኘው ኤምባሲያችን ሠርተዋል። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸው።

እዚህ የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በንጉሡ ጊዜ መነን አዳሪ ሆነው እንደተማሩ ትናንት ደረጃው ላይ ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠን ስናልፍ! ቅዳሜ ቡና ጠርተውኛል፤ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። እናንተም እናታችሁ ወይ አያታችሁ እዚያ ተምረው ከሆነ ጠይቁልኝና ከታች ጻፉልኝ።