«ሄፍት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ትርጕሙ፥ አመጣጡና አገባቡ

በእንግሊዝኛ ክብደትን ከሚያመለክቱት ቃላት አንዱ «ሄፍት» ነው። መዝገበ ቃላት «ክብደት» ብሎ ብቻ ሲተረጕመው ግን የቃሉ ፍሬ ነገር ይቀራል፤ ሄፍት በሚዛን ተመዝኖ በቍጥር የሚነገረው ክብደት ሳይሆን፥ ሰው ዕቃውን በእጁ አንሥቶ የሚሰማው ክብደት ነውና።

ይህም ከአመጣጡ ይታወቃል። ቃሉ በ15ኛው መቶ ዓመት በጽሑፍ ሲታይ፥ የወጣው «ሂቭ»፥ ማለት ከባድ ነገርን አነሣ፥ ከሚለው ግስ ነው፤ አወጣጡም «ክሊቭ»፥ ማለት ሰነጠቀ፥ ከሚለው ግስ «ክሌፍት»፥ ማለት ስንጥቅ፥ እንደሚገኝ ያለ ነው። የግሱን ጥንታዊ መልክ «ሄባን»ን ሊቃውንቱ «ካፔሬ»፥ ማለት ያዘ፥ ከተባለው የላቲን ግስ ጋራ ያዛምዱታል። ከባድ ማለት የሆነው «ሄቪ» የዚሁ ወገን ነው። «ዌይት» እንኳ ዛሬ የሚዛን ቃል ቢመስልም፥ ጥንት መሸከምንና ማንቀሳቀስን ከሚያመለክት ግስ የተወለደ ነው። «ፓውንድ» ግን በላቲን ማንጠልጠልና መመዘን ከሚባለው ግስ ስለ መጣ፥ ከልደቱ ጀምሮ የሚዛን ልጅ ነው። (በግዕዝ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ «ከብደ» ከሚለው ግስ አጠገብ ሆድንና ጉበትን የሚያመለክት «ከብድ» የሚል ስም ይገኛል።)

በአገባብ ረገድ ከሁሉ የሚያስረዳው የንብ አርቢዎች ልማድ ነው። በብርዱ ወራት ቀፎው ቢከፈት ንቦቹ ስለሚጐዱ፥ አርቢው ቀፎውን ከኋላ በኩል በጥቂቱ ከፍ አድርጎ የቀረው ማር ይበቃቸው እንደሆነ በእጁ ይገምታል፤ ለዚህም ሥራ የሚነገረው ግስ ይኸው «ሄፍት» ነው።

የመንግሥት ሕግ ግን የእጅን ግምት አላመነም። እ.ኤ.አ. በ1215 የወጣው ማግና ካርታ በእንግሊዝ አገር ሁሉ የወይን፥ የጠላና የእህል መስፈሪያ አንድ እንዲሆን፥ ሚዛኑም እንዲሁ እንዲሆን አዟል። ሕጉ ያለ ምክንያት አልፈራም። ፈረንሳዊው ሻርፓንትዬ በ1891 እንዳሳየው፥ ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ዕቃዎች ትልቁ ለእጅ ቀለል ብሎ ይሰማል። ይሁን እንጂ እጅን ፈጽሞ መናቅም ስሕተት ነው፤ ጀርመናዊው ቬበር በ1834 ባሳተመው ጥናት፥ ሰው ዕቃ በዐረፈ እጁ ላይ ከሚቀመጥለት ይልቅ ራሱ ሲያነሣው የክብደትን ልዩነት አጥርቶ እንደሚለይ አስረድቷል። «ሄፍት» የሚለውም ቃል የሚናገረው ይህንኑ በማንሣት የሚገኘውን ዕውቀት ነው።

በአሜሪካ የገጠር ንግግር ቃሉ «አብዛኛው እጅ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዛሬ ደግሞ በምክር ቤት ተሰሚነት ላለው ሰውና ለመንግሥታት ተጽዕኖ ይነገራል። በሰሜን እንግሊዝ በጎች ከለመዱት ተራራ አለመራቃቸውን የሚያመለክተው «ሄፍት» ግን ድምፁ ቢመሳሰልም ይዞታ ማለት ከሆነ ከጥንት የስካንዲናቪያ ቃል የመጣ ስለሆነ፥ ከዚህኛው ጋራ ሊደባለቅ አይገባም።