አምስት ዓመት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1896 በሰጠው ውሳኔ ጥቁሮችና ነጮች የሚገለገሉባቸው ተቋማት እኩል እስከኾኑ ድረስ ተለያይተው ቢሠሩ ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ደነገገ። በተግባር የታየው ግን መለያየቱ እንጂ እኩልነቱ አልነበረም።

በቨርጂኒያ ግዛት ፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ የሚገኘው ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚህ ማሳያ ነው። ለ180 ጥቁር ተማሪዎች የተሠራው ትምህርት ቤት ከ450 በላይ ተማሪዎችን ይዞ ነበር። የተረፉት የሚማሩት ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በለበሱ ጊዜያዊ ክፍሎች ውስጥ ነበር። የመመገቢያም ኾነ የስፖርት አዳራሽ አልነበረውም።

አፕሪል 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ተማሪዎቹን አስተባብራ የትምህርት ማቆም አድማ መራች። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ነበር። ጠበቆቹ ግን መለያየቱ ራሱ እንዲቀር የሚከሱ ከኾነ ጉዳያቸውን እንደሚይዙ ገለጹላቸው። ክሱም ከሌሎች ግዛቶች መዝገቦች ጋር ተጣምሮ “ብራውን” በሚባለው ታዋቂ ክርክር ቀረበ። ሜይ 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚደረግ የዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰኑ። ከተከራካሪዎቹ ጠበቆች አንዱ የነበሩት ተርጉድ ማርሻል በ1967 የዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ኾነዋል።

ፍርዱ ግን ወዲያው አልተፈጸመም። የፕሪንስ ኤድዋርድ ባለሥልጣናት በ1959 ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ክፍል ከማስተማር ይልቅ በጀት ከልክለው የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። ነጮቹ ልጆች አዲስ ወደተከፈተ የግል ትምህርት ቤት ገቡ። ከጥቁሮቹ ጥቂቶች ዘመድ ፍለጋ ወደ ሌላ አካባቢ ሲሄዱ ብዙዎቹ ከትምህርት ገበታ ውጭ ቀሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ባሳለፈው ውሳኔ ትምህርት ቤቶቹ ዳግም ተከፈቱ። ያመለጣቸውን ዓመታት ግን ፍርድ ሊመልስላቸው አልቻለም። የግዛቱ ምክር ቤት በ2004 ለእነዚህ ሰዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ሲያመቻች አብዛኞቹ የጉልምስና ዕድሜያቸውን አልፈው ነበር።

በሕግ የተደነገገው መለያየት ቢቀርም ልዩነቱ አልጠፋም። ለዚህ አንዱ ምክንያት በብዙ ግዛቶች የትምህርት በጀት ጉልህ ድርሻ የሚሰበሰበው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር መኾኑ ነው። ቤት ውድ በኾነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይበለጽጋል፤ በደሃው ሰፈር ይጎድልበታል። ፍርድ ቤቱ በ1973 ይህ አሠራር የፌደራሉን ሕገ መንግሥት እንደማይጥስ በአምስት ለአራት ድምፅ ወስኗል። በማግስቱ ዓመትም የዲትሮይት ከተማንና የዙሪያዋን ትምህርት ቤቶች አንድ ላይ የማዋሐድ ዕቅድን በተመሳሳይ ድምፅ ውድቅ አድርጓል።

የቀድሞው የሞተን ትምህርት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።