የሌላ መኪና ሞተር፦ የሞተር ቅየራ ልማድ በአሜሪካ

በአሜሪካ «መስል ካር» የሚባለው መኪና መካከለኛ ቁመና ባለው ባለሁለት በር የቤተሰብ መኪና አካል ውስጥ ለትልልቅ መኪኖች የታሰበ ከባድ ሞተር ተገጥሞለት፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለወጣቶች አቅም በሚቀርብ ዋጋ የተሸጠ ፈጣን መኪና ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ከዚያ ዘመን መኪኖች አንዱን ሲገዛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩ የጠፋበት ወይም ገና ከፋብሪካው በደካማ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር የወጣ ነውና፣ የትኛው ትርፍ ሞተር ይግጠምለት የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ጥያቄው የጉልበት ብቻ ይመስላል፤ የልማዱ ታሪክ የሚያሳየው ግን በየዘመኑ የተመረጠው ከሁሉ የበረታው ሞተር ሳይሆን፣ ፋብሪካዎች በብዛት ያመረቱትና አካሉን አደጋ ወይም ዝገት ከጨረሰው በኋላ መኪና በሚፈታበት ግቢ ተከምሮ የቀረው ሞተር መሆኑን ነው።

ልማዱ ከመስል ካር ይቀድማል። ሄንሪ ፎርድ በ1932 ለተራው ገዢ ያቀረበው ቪ8፣ ማለትም ስምንት ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በ«ቪ» ፊደል ቅርጽ የተደረደሩለት ሞተር፣ 221 ኩቢክ ኢንች ወይም 3.6 ሊትር ገደማ ይዘትና 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ይህን ሞተር ከተጋጩ መኪኖች እያወረዱ ቀለል ባለውና አራት ሲሊንደር ብቻ በነበረው የቀድሞው ሞዴል ኤ ላይ ይጭኑት፣ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በተባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይም ፍጥነቱን ይለኩ ነበር። በ1939 ሜርኩሪ የተባለው የፎርድ እኅት መኪና 239 ኩቢክ ኢንች ሞተር ይዞ ሲወጣ፣ ከፎርዱ ጋር የቅርብ ዝምድና ስለነበረው ያለብዙ ችግር ይተካው ጀመር። በ1949 ካዲላክና ኦልድስሞቢል ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ተነሥተው በቴስታታው፣ ማለትም በሲሊንደሩ ክዳን ውስጥ የተቀመጡባቸውን አዳዲስ ቪ8 ሞተሮች አወጡ፤ እነዚህ በተሻለ ሁኔታ የሚተነፍሱ ሞተሮች ወደ ፎርድና ወደ ስቱድቤከር አካል መግባታቸው «ፎርዲላክ» እና «ስቱዲላክ» የሚሉ ስሞችን ወለደ። ያም ሆኖ የካዲላክ ሞተር ውድና ከባድ ስለነበር ለብዙኃኑ አልደረሰም።

ነገሩን የለወጠው በ1955 ሞዴል የቀረበው የሼቭሮሌ «ስሞል ብሎክ» ነው፤ ብሎክ የሚባለው ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት ዋናው የብረት አካል ሲሆን፣ ስያሜው የአካሉን ማነስ ያመለክታል። በዋና መሐንዲሱ በኤድ ኮል መሪነት የተሠራው ይህ ሞተር ይዘቱ 265 ኩቢክ ኢንች ሆኖ ሳለ ግድግዳው በስሱ ስለተቀረጸ ከራሱ ከሼቭሮሌ የቆየ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር እንኳ ይቀል ነበር። ለቅየራ ልማድ ወሳኝ የሆነው ግን ክብደቱ ብቻ አልነበረም፤ ከአንዱ ሲሊንደር ማዕከል እስከ ጎረቤቱ ያለው የ4.4 ኢንች ርቀትና ከሞላ ጎደል የውጭ ቅርጹ ሳይለወጡ፣ ይዘቱ በ1957 ወደ 283፣ በ1962 ወደ 327፣ በ1967 ወደ 350፣ በ1970 ደግሞ ወደ 400 ኩቢክ ኢንች አደገ። በዚህም ምክንያት ለአንደኛው የተዘጋጀ ቦታ ጥቂት በማስተካከል ሌላውን ይቀበላል፤ 350ውም በቤተሰብ መኪና፣ በፒካፕና በጀልባ ሳይቀር ስለተገጠመ የመፍቻ ግቢዎች ዋና ሀብት ሆነ። የሼቭሮሌ ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ የዚህን ሞተር ቤተሰብ 100 ሚሊዮንኛ ምርት ያከበረው በ2011 ነው፤ ቁጥሩ ተተኪዎቹን የኋላ ትውልድ ሞተሮች ይጨምራል። ከዚህ ብዛት አንጻር ሲታይ፣ የስሞል ብሎክ ተወዳጅነት ከመሐንዲሶቹ ጥበብ ባልተናነሰ የአቅርቦት ውጤት ነበር።

መስል ካር ራሱ የተወለደው ከሞተር ቅየራ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ እውነት ነው። የጄኔራል ሞተርስ የበላይ አመራር በመካከለኛ መኪኖች ላይ ከ330 ኩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ገደብ ጥሎ ነበር፤ ጆን ዴሎሪያን የሚመራው የፖንቲያክ የምሕንድስና ክፍል ግን የቴምፕስት መኪና 326 ኩቢክ ኢንች ሞተርና የትልልቆቹ ፖንቲያኮች 389 በውጭ አካላቸው አንድ ዓይነት በመሆናቸው፣ ትልቁ በትንሹ ቦታ ምንም ሳይቆረጥ እንደሚቀመጥ ተገነዘበ። ገደቡ የሚመለከተው አዲስ ሞዴልን ስለነበር፣ በ1964 «ጂቲኦ» የሚለው ስም እንደ ሞዴል ሳይሆን ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ የሚከፈልበት የዕቃ ምርጫ ተደርጎ ቀረበ፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 መኪኖች ተሸጡ። ጋራዥ ውስጥ ወጣቶች ለ30 ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን ፋብሪካው ራሱ አደረገው ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶም በፔንስልቬንያ ካኖንስበርግ ከተማ የነበረው የሼቭሮሌ መኪና ሻጭ ዶን የንኮ፣ ሼቭሮሌ ካማሮ በተባለው መኪናው ላይ ከ400 ኩቢክ ኢንች በላይ አላደርግም ሲል፣ ባለ427 ኩቢክ ኢንቹን ሞተር በራሱ ግቢ መግጠም ያዘ።

የመስል ካር ዘመን ግን አጭር ነበር። የ1970 የንጹሕ አየር ሕግ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1971 ሞዴሎቹ የሞተሮቹን እምቅታ ማለትም የነዳጅና የአየር ድብልቁ በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበትን መጠን መቀነሱ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ መናርና በጥቅምት 1973 የጀመረው የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው ከባዱን ሞተር ከገበያ ገፉት።

ዛሬ ከዚያ ዘመን ሞተሮች አንዱን ለመኪናው የሚመርጥ ሰው ችግሩ ከቁጥሩ ይጀምራል፤ ቁጥር ያታልላልና። «350» የሚለው የይዘት መጠን ብቻ ሲሆን ሼቭሮሌ፣ ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዊክ በአንድ ኩባንያ ጥላ ሥር ሆነው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን 350 ይሠሩ ነበር፤ የሦስቱ ኋለኞች ሞተር ከካምቢዮ ጋር የሚታሰርበት የቡሎን ቀዳዳ አደራደር ከሼቭሮሌው ይለያል፣ የውስጥ ዕቃቸውም እርስ በርስ አይተካካም። በ1977 አንዳንድ የኦልድስሞቢል ገዢዎች ከኮፈኑ ሥር ያገኙት የሼቭሮሌ ሞተር መሆኑን ሲያውቁ ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱ፣ ሞተር ለአሜሪካዊው ገዢ የዘር ያህል ትርጉም እንደነበረው ያሳያል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ልዩነት አለ፦ የ400ው ሲሊንደሮች መካከላቸው ውኃ ሳይዞር ተጣብቀው የተቀረጹ በመሆናቸው ለሙቀት ይጋለጣሉ፤ ከ1986 በኋላ የተሠራ 350 ደግሞ ከኋላው የሚታሰረውን ከባድ የብረት መንኰራኩር ከቀደመው መዋስ አይችልም። ከብሎኩ ጀርባ በጉልህ የተቀረጸው ቁጥር ብሎኩ የፈሰሰበትን ቅርጽ ብቻ ይናገራል፤ ሞተሩ ለምን መኪና እንደ ተሠራ የሚያስረዱት ከፊት በቀኝ ቴስታታ ሥር በማኅተም የተመቱት ፊደላት ናቸው።

ሞተሩ ከመኪናው ጋር መስማማቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከ1962 እስከ 1967 በተሠራው ሼቪ ቱ በተባለው የሼቭሮሌ መኪና፣ የመሪው ዘንጎች የሚያልፉበት ቦታ የተለየ በመሆኑ የራሱ የሼቭሮሌ ሞተር እንኳ የሚገባው ዘይት የሚጠራቀምበት የታችኛው ቋት ሲቀየርለት ነው፤ በ1968 የወጣው ተተኪው ኖቫ ግን የካማሮን ዓይነት የፊት ሻንሲ ስለያዘ ይህ ችግር የለበትም፣ በዝቅተኛ በጀት ለሚሠራ ሰው ተመራጭ የሆነውም በከፊል በዚህ ነው። ለባለስድስት ሲሊንደር የታሰበ ራዲያተር፣ ፍሬንና ዲፈረንሻል አዲሱን ጉልበት ስለማይችል፣ በርካሽ የተገዛ ሞተር ብዙ ጊዜ ከራሱ ዋጋ በላይ ያስወጣል፤ ይህን ሳያሰሉ የጀመሩ ሰዎች መኪኖች በየጓሮው ተፈትተው መቅረታቸው የሚያሳዝን ነው።

በ1997 ኮርቬት ከተባለው የሼቭሮሌ መኪና ጋር የመጣው ኤልኤስ1 የተባለ ሞተር ምርጫውን እንደገና ቀየረው። የ4.4 ኢንቹን ርቀት ከአያቱ ቢወርስም ከዚያ በቀር ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው፤ ለብዙኃኑ የደረሰው ግን አሉሚኒየሙ የኮርቬት ሞተር ሳይሆን ከ1999 ጀምሮ በፒካፖች ላይ የተገጠመው ባለ5.3 ሊትር የብረት ብሎክ ነው። ካርቡሬተር ስለሌለው ኮምፒውተር፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ ይፈልጋል፣ የፒካፑ ጥልቅ የዘይት ቋትም ከአሮጌው ሻንሲ ጋር ይጋጫል፤ ሆኖም በየመፍቻ ግቢው በብዛት ስለሚገኝ የ350ውን ቦታ እየወረሰ ነው።

የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሁለቱም በሊብሬ ላይ ሲሰፍሩ ለለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ቅየራ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በአሜሪካ የባለቤትነት ሰነዱ በአብዛኛው የሚይዘው የመኪናውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ሰነዱ ያልጠየቀውን ግን ገበያው ጠየቀ፦ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመኪናው መለያ ቁጥር በከፊል በሞተሩም ላይ ይመታ ስለነበር፣ ሁለቱ የሚመሳከሩበት መኪና ውድ ሆኗል፤ በመሆኑም አስተዋይ ባለቤት የመጀመሪያውን ሞተር አውርዶ፣ ሲሊንደሮቹን ዘይት ቀብቶና ሸፍኖ ያስቀምጣል፣ ሌላውንም ሻንሲውን ሳይቆርጥ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚደረገው በአብዛኛው ለቪ8ቱ ነው፤ ኖቫንና ዳርትን የመሰሉ መኪኖች ይዘውት የተወለዱት ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ግን፣ የዚያን ዘመን ተራ ሰው ወደ ሥራው ያመላለሰው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከወረደ በኋላ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ብረት ማቅለጫ ነው።