በደረቅ አበሳ እርጥብ እንዳይነድ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 በአሜሪካዋ የሜምፊስ ከተማ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ ሠራተኞች ከዝናብ ሲጠለሉ የመኪናው መጭመቂያ ገደላቸው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። የሜቶዲስት መጋቢ የነበሩት ጄምስ ሎውሰን ከጎናቸው ቆሙ፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግንም ጋበዙ። ሠራተኞቹ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ወጡ።

ማርች 28 ቀን ብዙ ሺህ ሕዝብ ክሌይቦርን ቴምፕል ከተባለው ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ጉዞ ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። አንዳንድ ወጣቶች ጽሑፉ የተሰቀለበትን እንጨት ይዘው የሱቅ መስኮት መቱ፤ ዝርፊያም ተከተለ። ሎውሰን በድምፅ ማጉያ ሕዝቡ እንዲመለስ ጠየቁ። ፖሊስ ግን ሰባሪውን ከሰላማዊው አልለየም። ዱላውና አስለቃሽ ጭሱ በሁሉም ላይ ወረደ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሸሹትም አልተረፉም። በዚያ ቀን አንድ የ16 ዓመት ልጅ በፖሊስ ጥይት ሞተ።

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ስንዴና እንክርዳድ አብረው ስለቆሙ ብቻ እርሻውን ሁሉ ማጨድ ፍርድ አይባልም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚወቅሰው ፖሊስን ብቻ አይደለም። ሠልፉን የሚያስተናብሩት ሰዎች በቂ ዝግጅት አልነበራቸውም። ኪንግ «እነዚያ የእኛ አይደሉም» ብለው ብቻ አልተለዩም፤ ከተቆጡት ወጣቶች ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ሰላማዊ ሠልፍ ለመምራትም ወደ ሜምፊስ ተመለሱ። ኤፕሪል 4 ቀን እዚያው ተገደሉ።

ኤፕሪል 8 ቀን ባለቤታቸው ኮሬታ ስኮት ኪንግ ልጆቻቸውን ይዘው ከፊት ሄዱ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአስተናባሪዎች ታጅቦ በረድፍ፣ በዝምታ ተከተላቸው። ሐዘኑ ከበፊቱ ቁጣ ይበልጥ ነበር፤ ቀኑ ግን በሰላም አለፈ። እንደዚያ ባለ ዝምታ መካከል ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ቢኖር መደበቂያ አያገኝም ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን ከተማው ለማኅበራቸው ዕውቅና ሰጠ፤ ሠራተኞቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወጣቶች ሆይ፣ መለየት የባለ ሥልጣን ግዴታ ነው፤ የሠልፈኛም ኃላፊነት ነው። በጎናችሁ የሚሄደው ወንድማችሁ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ቢል ምን ትሉታላችሁ? በኅብረታችሁ ተወያዩበት።